የባክቴሪያ ፓኬቱን ፑል ውስጥ ከመድፋታችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

ላስ ቬጋስ የፑል (የዋና ገንዳ) ሥራ የጀመራችሁ ልጆች እየደወላችሁ "ሲያኑሪክ አሲድ የሚያወርደው ፓኬት አይሠራም፣ ብር ውሃ ውስጥ መጣል ነው" ትሉኛላችሁ። ይሠራል። ሲያኑሪክ አሲድ ክሎሪኑን ከፀሐይ የሚከልለው ነገር ነው፣ ሲበዛ ግን ክሎሪኑን ያደክመዋል፣ ለዚህ ነው የምናወርደው። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የአሲዱን ቀለበት (ክብ ሞለኪውሉን) የሚሰብር ኢንዛይም አለው፣ መጀመሪያ ባዩሬት ወደሚባል መሸጋገሪያ ውህድ ከዛ ወደ አሞንያና ካርቦንዳይኦክሳይድ ይበጣጥሰዋል። የማይሠራው እናንተ ስትገድሉት ነው።

እሺ ዋናው ስህተት፣ ክሎሪኑ ሳይወርድ ፓኬቱን መጨመር። ስንት ጊዜ ልናገር? የክሎሪን ሥራው ባክቴሪያ መግደል ነው እኮ! ኢንዛይሙንም ራሱን ያበላሸዋል። ትላንት ሾክ ያደረጋችሁት (ብዙ ክሎሪን በአንዴ የደፋችሁበት) ፑል ላይ ዛሬ ፓኬት ትደፉና ከሳምንት በኋላ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም ብላችሁ ካምፓኒውን ትሰድባላችሁ። ክሎሪኑ ከስንት በታች መሆን እንዳለበት ጀርባው ላይ ተጽፏል፣ አንብቡት። አንድ ሀበሻ ደንበኛ አሉኝ፣ የውሃቸው ሲያኑሪክ አሲድ 200 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 200 እጅ) ደርሶ ክሎሪኑን አውርጄ ፓኬቱን ጨምሬ "ጋሼ፣ እስክመለስ ምንም እንዳይነኩ፣ ማንም እንዳይዋኝበት" ብዬ ሄድኩ። ስመለስ ፓምፑ አጠገብ ሁለት ባዶ የክሎሪን ጋሎን ተቀምጧል። "ምነው ጋሼ?" ስላቸው "ውሃው ትንሽ ደፈረስ ሲል ጊዜ ልጁ ጨመረበት፣ ምን ችግር አለው?" አሉኝ። ምን ይባላል? እንደገና ፓኬት ገዝተን ከዜሮ ጀመርን፣ በሁለተኛው ዙር ግን የቀረውን ክሎሪን መኪናዬ ላይ ጭኜ ነው የሄድኩት።

ኮፐር (መዳብ) ያለበት የአልጌ መድኃኒትም እንደዛው ነው፣ ባክቴሪያ አይወድም። ውሃ የሚያጸዳ የዩቪ ወይ የኦዞን መሣሪያ ካለ አጥፉት።

ሁለተኛው ስህተት ፍሎተሩን (ተንሳፋፊውን የክሎሪን ታብሌት መያዣ) ከነታብሌቱ መተው ነው። ያ ሁሉ ሲያኑሪክ አሲድ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከራሱ ከታብሌቱ ነው። ታብሌቱ የተሠራበት ትራይክሎር 10 ፒፒኤም ክሎሪን በሰጣችሁ ቁጥር 6 ፒፒኤም ገደማ ሲያኑሪክ አሲድ ይተውላችኋል። የዚህ አገር የበጋ ፀሐይ በቀን ሁለት ሦስት ፒፒኤም ክሎሪን ይበላል፣ በታብሌት ብቻ ስትተኩ በወር 45 ገደማ ይጠራቀማል ማለት ነው፣ ክሎሪኑ ሲያልቅ እሱ አያልቅም፣ ፊልተርም አይዘውም። ስለዚህ በአንድ በኩል ባክቴሪያው እየበላ በሌላ በኩል ታብሌቱ እየሞላ ምን ውጤት ትጠብቃላችሁ? ፓኬቱ ሥራውን ሲጨርስም ወደ ፈሳሽ ክሎሪን ተሻገሩ፣ ታብሌት ለእረፍት ጊዜ ብቻ ይሁን። ካልሲየም ሃይፖክሎራይትም ሲያኑሪክ አሲድ የለውም፣ ግን የቬጋስ ውሃ ራሱ ካልሲየሙ ከፍተኛ ስለሆነ እሱን ደግሞ ትጨምሩበታላችሁ።

"ውሃው ይተናል፣ በየሳምንቱ አዲስ እንሞላለን፣ ስለዚህ ይቀጥናል" የሚል ደግሞ አለ። አይቀጥንም! የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ አሲዱ እዛው ነው የሚቀረው።

አለካክ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ስትሪፕ (ውሃ ውስጥ የሚነከረው የወረቀት መለኪያ) ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጥቁር ነጥብ ያለባትን ቱቦ ተጠቀሙ፣ ከደጅ፣ ፀሐዩን ጀርባ ሰጥታችሁ፣ ቱቦዋን በራሳችሁ ጥላ ውስጥ ይዛችሁ፣ ከመለኪያው መድኃኒት ጋር የተቀላቀለውን ውሃ ቀስ እያላችሁ እየሞላችሁ ነጥቧ ስትጠፋ ማንበብ ነው። መለኪያዋ 100 ላይ ያበቃል። ነጥቧ 100 ላይ ሳትደርሱ ከጠፋች "100 ነው" ብላችሁ አትጻፉ፣ 200ም ሊሆን ይችላል። የፑሉን ውሃ ከቧንቧ ውሃ ጋር እኩል ቀላቅላችሁ እንደገና ለክታችሁ በሁለት አባዙ። መነሻውን ሳታውቁ ፓኬቱ ሠራ አልሠራ እንዴት ልትፈርዱ ነው?

ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አትሞክሩት፣ ከ65 ፋራናይት በታች ባክቴሪያው ይተኛል። በሐምሌ ደግሞ ክሎሪኑን ዝቅ አድርጋችሁ ብትተዉት አልጌ ይቀድማችኋል፣ እኔ በዚህ አገር ስፕሪንግ (ከበጋው ሙቀት በፊት) ወይ ጥቅምት ላይ ነው የምሠራው። ፓምፑ ሳይቆም ይሂድ።

ሱቅ ውስጥ "ኢንዛይም" ተብሎ የሚሸጠው ጠርሙስ ሌላ ነገር ነው። እሱ የፀሐይ ክሬምና የሰውነት ቅባት ነው የሚበላው፣ ሲያኑሪክ አሲድ አይነካም። ፓኬቱም ጠርሙሱም ደግሞ ካልሲየምና ጨው ያወርዱልናል ብላችሁ አትጠብቁ።

ቁጥሩ ወረደ ብላችሁ ወዲያው ለደንበኛው ማስረከብም ስህተት ነው። አሞንያ ይቀራል ብያለሁ አይደል? አሞንያ ክሎሪን ይበላል፣ የጨመራችሁት ሁሉ ክሎራሚን እየሆነ ይጠፋል፣ እናንተ "ክሎሪኑ አሮጌ ነው" ትላላችሁ። ጥምር ክሎሪኑን (ክሎራሚን የሆነውን) ለኩ፣ እስኪረጋ ድረስ እየጨመራችሁ ተከታተሉ፣ አንዳንዴ ብዙ ጋሎን ይፈልጋል፣ ወጪውን ለደንበኛው አስቀድማችሁ ንገሩት።

ካልሲየሙም ሰማይ የነካ ፑል ላይ ግን ፓኬት አትግዙ፣ ግማሹን ውሃ ቀይሩት፣ ሁለቱም አንድ ላይ ይወርዳሉ። የምትደፉት ወደ ፍሳሹ መስመር ይሁን እንጂ ወደ መንገድ አይደለም፣ እዚህ ከተማ የፍሳሽ ውሃ ተጣርቶ ወደ ሌክ ሚድ፣ ከተማው ውሃ ወደሚቀዳበት ሐይቅ ነው የሚመለሰው፣ መንገድ ላይ መድፋት ያስቀጣል። በነሐሴ ፀሐይ ደግሞ አታድርቁት፣ ፕላስተሩ ይሰነጠቅና ጥገናው የእናንተ ዕዳ ይሆናል።