ቤት ውስጥ ያገኘናት ሸረሪት አደገኛ መሆኗን እንዴት እንለያለን?

የማታውቋት ሸረሪት ከሶፋ ሥር ብቅ ስትል ቶሎ የሚታሰበው ጫማ ማንሳት ነው። ከጨፈለቃችኋት በኋላ ግን ምን ዓይነት እንደነበረች መለየት ይከብዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያሳይ የመስታወት ብርጭቆ ድፉባት፤ ከዚያ ጠንከር ያለ ወረቀት በሥሯ ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ። እጃችሁ አይነካትም። ትንሽ ታገሱ፤ የብርጭቆውን ጎን ይዛ መውጣት ከጀመረች ሆዷ በመስታወቱ ውስጥ በደንብ ይታያል። ያኔ በስልክ አንሷት። ዋናው ምልክት ብዙ ጊዜ ያለው ከሆዷ ሥር ነው።

ቀጥሎ የት እንደነበረችና ድሯ ምን እንደሚመስል ተመልከቱ። ቀለም ብቻውን ያሳስታል።

ጣሪያ ጥግ ላይ ተዘቅዝቃ የምትንጠለጠለው፣ እግሮቿ ረጃጅምና ቀጫጭን የሆኑት ሸረሪት ሰው አትጎዳም። ድሯ ሲነካ መላ ሰውነቷን ታንቀጠቅጣለች። መርዟ ከሁሉም ይከፋል እየተባለ የሚወራው እውነት አይደለም፤ እንዲያውም ሌሎች ሸረሪቶችን አድና ስለምትበላ እኔ ብትተዋት እመርጣለሁ። ጠፍጣፋዋ፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፋ ቆይታ ከፎቶ ፍሬም ጀርባ ሽው የምትለውም ፍጥነቷ ያስደነግጣል እንጂ አታሰጋም። መስኮት ላይ የምትዘልለው ትንሿና ፊቷ ላይ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ያሏትም እንዲሁ።

ጥንቃቄ የምትፈልገው ቡናማዋ ዊዶ የምትባለው መርዛማ ሸረሪት ናት። አፍሪካ ውስጥ በብዙ ቦታ ትገኛለች። ከፕላስቲክ ወንበር ሥር፣ ከአበባ መትከያ ጠርዝ ወይም ግቢ ውስጥ ከቆየ ዕቃ መሃል ቅርጽ የሌለው ዝብርቅርቅ ድር ካያችሁ ጎንበስ ብላችሁ በባትሪ እዩ። ሆዷ ድቡልቡል ነው፤ ከሥሩ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ቅርጾች ጫፍ ለጫፍ የተጋጠሙበት ብርቱካናማ ምልክት አለ። እሷን ባታገኟት እንኳ የእንቁላል ከረጢቷ ያጋልጣታል፤ ዙሪያውን እሾህ እሾህ ያለው፣ ጭጎጎት የሚመስል ክብ ነገር ነው። ስትነካ ተኮማትራ ትወድቃለች፤ የምትነክሰውም በአብዛኛው ከገላ ጋር ስትጣበቅ ነው። ውጭ ያደረ ጫማና ጓንት ሳታራግፉ አታጥልቁ።

አሜሪካ ያላችሁ ሁለት ስም ያዙ። ብላክ ዊዶ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ናት፤ የሆዷ ምልክት ቀይ ነው። ብራውን ሪክሉስ ደግሞ ጀርባዋ ላይ የቫዮሊን ቅርጽ አላት፤ ዓይኖቿም እንደ አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ሳይሆኑ ጥንድ ጥንድ ሆነው ስድስት ናቸው። ዳላስ ውስጥ ልታጋጥም ትችላለች፤ ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ ግን የተፈጥሮ መኖሪያዋ አይደሉም። ባለችበት አገርም ቢሆን ለመንከስ አትቸኩልም። ካንሳስ ውስጥ አንድ ቤት በስድስት ወር 2,055 ተለቅመው የተነከሰ ሰው አለመኖሩ በ2002 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጥቷል።

አሁን አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። እኛ ዘንድ ቆዳ ላይ ውኃ የቋጠረ ነገር ሲወጣ «ሸረሪት ሸንታብኝ ነው» ይባላል። የሸረሪት ሽንት እንዲህ አያደርግም። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ከዞረ፣ ከመውጣቱም በፊት ቦታው ካቃጠለ፣ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል፤ የሚያመጣውም የጉድፍ ቫይረስ ነው። መድኃኒቱ የበለጠ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ቅጠል እየቀቡ ሦስት ቀን ማሳለፍ ያንን ጊዜ ያባክናል። ዓይን አካባቢ ከወጣ ደግሞ ማየትን ሊያሳጣ ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ሸረሪት ስትነክስ ካያችሁ ቦታውን በሳሙናና በውኃ እጠቡ፤ በቀዝቃዛ ጨርቅ ያዙት። አትብጡት፣ በአፍ አትምጠጡት። የሆድ ወይም የጀርባ ጡንቻ መጨማደድ፣ ብዙ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም መሃሉ እየጠቆረ የሚሄድ ቁስል ካለ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ያነሳችሁትን ፎቶ አሳዩ፤ ተጎጂው ሕፃን ወይም አዛውንት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ። አሜሪካ ውስጥ የመርዝ መረጃ መስመሩ 1-800-222-1222 ነው፤ በነፃ ነው፣ ሌሊትም ይሠራል።