ጨረታ ተሸንፋችሁ ቅር ሲላችሁ፦ ችግርና መፍትሄ ለጅማ ተጫራቾች

ጅማ ውስጥ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የእንጨት ዕቃ አቀርባለሁ። ዴስክ፣ ወንበር፣ መደርደሪያ። ብዙ ጨረታ ገብቻለሁ፤ አሸንፌያለሁም፣ ተሸንፌያለሁም። ከሽንፈቶቹ ውስጥ አንዳንዶቹ ፍትሐዊ አልነበሩም። የሚያንገበግበኝ ግን እሱ ሳይሆን፣ እውነት ይዘን በአቀራረባችን ምክንያት መቅረታችን ነው። ጮኸን እንወጣለን እንጂ ጽፈን አንገባም።

መጀመሪያ ገዢው ማን እንደሆነ ለዩ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ተቋም ነው፤ የሚገዛው በፌዴራሉ የግዥ አዋጅ ነው። የከተማና የዞን መሥሪያ ቤቶች ደግሞ የኦሮሚያን የግዥ ሕግ ይከተላሉ። የዞን ጉዳይ ይዞ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አውቃለሁ። "እኛን አይመለከትም" ተብሎ እስኪመለስ ቀኑ ያልቃል።

"ዋጋዬ ዝቅተኛ ነበር፤ ግን ሌላ ሰው አሸነፈ"

ከሁሉም የሚበዛው ይሄ ነው። የጨረታ ሳጥኑ 4፡00 ሰዓት ተዘጋ፣ 4፡30 ተከፈተ፣ ዋጋ ሲነበብ የእናንተ ዝቅ ያለ ነው። ደስ ብሏችሁ ወጣችሁ። በኋላ ሌላ ስም ተለጠፈ።

"በዘመድ ነው" ከማለታችሁ በፊት የራሳችሁን ኮፒ አውጡና ሒሳቡን እንደገና ሥሩ። እኔን የደረሰብኝን ልንገራችሁ። 120 ዴስክ፣ አንዱ በ3,850 ብር። ድምሩ 462,000 ነው። እኔ ግን የጻፍኩት 426,000 ነበር፤ ሁለቱ አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። መክፈቻው ላይ የተነበበው 426,000 ነው። ሌላው ተጫራች 455,000 አለ። ገምጋሚ ኮሚቴው ሒሳቡን ሲያርም የነጠላ ዋጋውን ነው የሚይዘው፤ ስለዚህ የእኔ 462,000 ሆነና ተበለጥኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ስወቅስ ከረምኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ሁለተኛው ቦታ ቫት ነው። አንዱ 15 በመቶውን ጨምሮ፣ ሌላው ሳይጨምር ከሞላ ሲነበብ የሚሰማው ዋጋ አይወዳደርም። በመክፈቻው ዕለት የእያንዳንዱን ተጫራች ዋጋ ስትጽፉ "ከነቫቱ" ወይም "ያለቫት" ብላችሁ አጠገቡ አስፍሩ።

ሒሳቡም ቫቱም ልክ ከሆነ፣ በቴክኒክ ወድቃችሁ ይሆናል። ዝቅተኛ ዋጋ የሚሠራው መስፈርቱን ካለፉት መካከል ነው። የወደቃችሁበትን ነጥብ በጽሑፍ ጠይቁ። "ስፔክ (የዕቃው ዝርዝር መግለጫ) አያሟላም" ብቻ ብሎ መመለስ በቂ አይደለም፤ የትኛው ስፔክ? የሉሁ ውፍረት ነው? የብረቱ ነው? ያን ካወቃችሁ መከራከሪያ አላችሁ።

"ሰነድ ጎደለ ተብዬ ወደቅሁ"

ፊርማ፣ ማኅተም፣ የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የታክስ ክሊራንስ (ግብር መክፈላችሁን የሚያሳይ ማስረጃ)፣ ሲፒኦ (ለጨረታ ማስከበሪያ በባንክ የሚሠራ የክፍያ ማዘዣ)። እዚህ ላይ ቅሬታ ብዙ አያዋጣም፤ የጎደለው በእርግጥ ከጎደለ ጎድሏል። ኮሚቴው ማብራሪያ ሊጠይቅ ይችላል፣ ዋጋና ዋና ነገር ግን አያስቀይርም። ሰነዱን አስገብታችሁ ጎደለ ከተባላችሁ ግን ዝም አትበሉ። መፍትሄው ከማሸጋችሁ በፊት ነው የሚጀምረው፦ እያንዳንዱን ገጽ ቁጥር ስጡ፣ የይዘት ዝርዝር ፊት ላይ አድርጉ፣ ሙሉውን ኮፒ ቤታችሁ አስቀሩ።

"ስፔኩ ለአንድ ሰው ተብሎ የተሰፋ ነው"

እዚሁ ጅማ ሜርካቶ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ የምትሸጥ ጎረቤቴ አንድ ቀን የጨረታ ሰነድ ይዛ መጣች። የሚገዛው ወረቀት በአንድ ማርካ ስም ተጠርቷል። "ይሄን የሚያመጣው አንድ ነጋዴ ብቻ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። በማርካ መጥራት የሚፈቀደው ዕቃውን በሌላ መንገድ መግለጽ ሳይቻል ሲቀር ነው፤ ያኔም "ወይም ተመጣጣኝ" የሚል ቃል መጨመር አለበት።

ግን ይሄ የሚነሳው ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ነው። ሰነዱ ላይ ማብራሪያ የሚጠየቅበት የመጨረሻ ቀን አለ። በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ የጠያቂው ስም ሳይጠቀስ ሰነዱን ለገዙ ሁሉ ይደርሳል፣ ስለዚህ መፈራት የለበትም። ተወዳድሮ፣ ተሸንፎ፣ ከዚያ ስፔኩን መክሰስ ግን የረፈደ ነው። እሷ ጠየቀች፣ ተስተካከለ።

"ቅሬታ አቀረብኩ፤ መልስ የለም"

መጀመሪያ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ገቢ ቁጥሩ ስንት ነው? ብዙ ሰው ቅሬታውን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ይወጣል። እንደሱ አይሆንም። ደብዳቤው በሁለት ኮፒ ይዘጋጅ። መዝገብ ቤት ሂዱ። አንዱን ይቀበሏችኋል፣ ሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና ገቢ ቁጥር ይደረግላችኋል። ያቺ ወረቀት ከሌለች እናንተ ቅሬታ አላቀረባችሁም።

ቀኑ አጭር ነው። በቀድሞው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 649/2001 ቅሬታ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ የሚቀርበው ነገሩ በታወቀ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ነበር። ያ አዋጅ በ1333/2016 ተተክቷል፤ ስለዚህ በልምድ አትሂዱ፣ ቀኑን ከራሳችሁ የጨረታ ሰነድ የተጫራቾች መመሪያ ላይ አንብቡ። ኃላፊው በጊዜው ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካችሁ ወደ በላይ ትሄዳላችሁ። ለዚያም የተቆጠረ ቀን አለ።

ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ምሬት አይብዛበት። እኔ የምጽፈው እንዲህ ነው፦ "በሰነዱ ክፍል ይህ፣ አንቀጽ ይህ ላይ እንዲህ ይላል። በዚህ ቀን በደረሰን ደብዳቤ ግን እንዲህ ተብሏል። ስለሆነም ግምገማው በድጋሚ እንዲታይልን እንጠይቃለን።" ማስረጃው ከሥሩ ይያያዝ። "አድልዎ ተፈጽሟል" የሚል ዓረፍተ ነገር ያለ ማስረጃ ከገባ ሌላውን እውነት ሁሉ ይዞ ይወድቃል።

"ሳላውቅ ውል ተፈራረሙ"

ውጤቱ ለተሸናፊዎችም ለአሸናፊውም እኩል መነገር አለበት፤ ውሉም ወዲያው አይፈረምም፣ ለቅሬታ ጊዜ ይተዋል። በወሬ ከሰማችሁ እንኳ የሰማችሁበትን ቀን መዝግቡና በዚያው ቀን ጻፉ። ደብዳቤው እስኪመጣ ብሎ መጠበቅ ጎድቶኛል።

"ጨረታው ተሰረዘ"

መሥሪያ ቤቱ በቂ ምክንያት ካለው መሰረዝ ይችላል፤ አሸናፊ አድርጉኝ ብላችሁ አታስገድዱትም። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ ሲፒኦውንም አስመልሱ። የሲፒኦውን ኮፒና የመመለሻ ማመልከቻ ይዛችሁ ሂዱ፣ በገቢ ቁጥር አስገቡ።