የፍልሰት ጥናቶችን ሲያነቡና ሲጠቅሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የሰውን ከቦታ ወደ ቦታ መንቀሳቀስ የሚያጠኑ ሳይንሶች ብዙ ናቸው። የሥነ ሕዝብ ባለሙያ ከቆጠራ መዝገብ፣ የዘረ መል ተመራማሪ ከዲ.ኤን.ኤ፣ አርኪዮሎጂስት ከሸክላ ስባሪና ከጥርስ፣ የቋንቋ ምሁር ከቃላት ዝምድና፣ የወረርሽኝ ባለሙያ ደግሞ ከሕሙማን ካርድ ይነሣሉ። አብዛኞቹ ስህተቶች የሚፈጠሩት ጥናቶቹ ራሳቸው ደካማ ስለሆኑ ሳይሆን፣ በአንዱ ዘዴ የታየውን በሌላውም የተረጋገጠ አስመስሎ በመጥቀስ ነው። የአገራችን ጉዳይ ሲነሣ እንዲህ ያለው አጠቃቀስ ቶሎ ወደ ማንነት ክርክር ስለሚሻገር፣ ጥንቃቄው ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ሊጠብቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ስህተት የጊዜ ልኬትን አለመለየት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ለስታቲስቲክስ ሥራ ባወጣው መመሪያ የረጅም ጊዜ ፍልሰተኛ የሚባለው ከሚኖርበት አገር ወጥቶ በሌላ አገር ቢያንስ 12 ወር የሚኖር ሰው ነው። የጥንት ጥርስን የሚመረምር ተመራማሪ ግን ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነገር ይመለከታል። የጥርስ የላይኛው ጠንካራ ሽፋን በልጅነት ከተሠራ በኋላ ስለማይለወጥ፣ በውስጡ ያሉት ስትሮንቲየምና ኦክስጅን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ሰውየው በልጅነቱ የኖረበትን ምድርና የጠጣውን ውኃ ጠባይ ይዘው ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 በእንግሊዝ በስቶንሄንጅ አቅራቢያ የተገኘውና የኤምዝበሪ ቀስተኛ የሚባለው፣ ከ4,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው አፅም፣ በዚህ መንገድ ተመርምሮ ሰውየው ልጅነቱን በአልፕስ ተራሮች አካባቢ ሳያሳልፍ እንዳልቀረ ታውቋል። ማስረጃው ጠንካራ ቢሆንም በስንት ዓመቱ እንደተነሣ፣ በስንት ጉዞ እንደደረሰ፣ ከማን ጋር እንደመጣ አይናገርም። ልጆች እዚያው ወልዶ ቢሆን የልጆቹ ጥርስ ከአገሬው ሰው ጥርስ አይለይም ነበር። ስለዚህ በአንድ የመቃብር ቦታ በጥርስ ምርመራ መጤ አለመገኘቱ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ እዚያው ነበረ ለማለት አያበቃም።

በእኛ ዘንድ በጣም የተለመደው ስህተት ደግሞ ቋንቋ፣ ዘርና ዕቃ ምንጊዜም አብረው ይጓዛሉ ብሎ መነሣት ነው። ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒን የመሳሰሉ ቀደምት ምሁራን የየሐን ቤተ መቅደስና በሳባ ፊደል የተቀረጹ ጽሑፎችን መሠረት አድርገው፣ የሰሜኑን ሥልጣኔ ይዘው የገቡት ከደቡብ ዓረብ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው የሚል ማብራሪያ ሰጥተው ነበር። የቤተ መቅደሱ የድንጋይ አሠራር ከባሕር ማዶ ጋር የነበረውን የጠበቀ ግንኙነት ማሳየቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በኋላ የተካሄዱ ቁፋሮዎች የአካባቢው ማኅበረሰብ የራሱ ነባር የሸክላ ሥራና አሰፋፈር እንደነበረው ስላመለከቱ፣ ዛሬ ብዙ አርኪዮሎጂስቶች የአገሬውን ሕዝብ ድርሻ ዋና አድርገው ያዩታል። የቤተ መቅደስ አሠራርን ጥቂት ጠራቢዎችና ካህናት ይዘውት ሊመጡ ይችላሉ፤ ለዚህ የሕዝብ ፍልሰት የግድ አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ሁለት ጥናቶች አብረው ሲጠቀሱ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2009 የሴም ቋንቋዎችን የቃላት ዝምድና በስታቲስቲክስ የመረመረ ጥናት ቋንቋዎቹ ወደ አፍሪካ ቀንድ የገቡበትን ጊዜ ከ2,800 ዓመት ገደማ በፊት አድርጎ ገመተ። እ.ኤ.አ. በ2012 የኢትዮጵያ ሕዝቦችን ጄኖም (የዘረ መል መረጃ በጠቅላላው) የመረመረ ሌላ ጥናት ደግሞ ከአፍሪካ ውጭ ከመጣ ዘር ጋር የተደረገውን መቀላቀል ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት አደረገው። ቁጥሮቹ መቀራረባቸው ሁለቱም ስለ አንድ ክስተት የሚናገሩ ያስመስላል፤ ቸኩሎ መደምደም የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በጄኖም ጥናቱ የታየው የውጭ ድርሻ ሴማዊ ቋንቋ በሚናገሩት ብቻ ሳይሆን ኩሻዊ ቋንቋ በሚናገሩት ሕዝቦችም ዘንድ በሰፊው ይገኛል፤ እንግዲህ የዘሩ ወሰንና የቋንቋው ወሰን አንድ አይደሉም ማለት ነው። ከዚህም ሌላ የመቀላቀልን ዘመን የሚያሰላው ዘዴ በቀላል አሠራሩ መቀላቀሉ በአንድ ወቅት ተካሂዶ እንዳበቃ ይቆጥራል። መቀላቀሉ ለብዙ መቶ ዓመታት ቀስ በቀስ የቀጠለ ከሆነ የሚወጣው ዘመን ወደ ኋለኛው ጊዜ ያደላል እንጂ መጀመሪያውን አያሳይም።

የመጀመሪያውን ዜና ይዞ እርማቱን አለመከታተልም ሌላ ስህተት ነው። ለዚህ ከሞታ ዋሻ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በጋሞ ደጋ በሚገኘው በዚህ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተቆፈረውና 4,500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ካለው አፅም የተገኘው ጄኖም እ.ኤ.አ. በ2015 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ሲታተም፣ ከአፍሪካ የተገኘ የመጀመሪያው የጥንት ሰው ሙሉ ጄኖም በመሆኑ ትልቅ ዜና ሆነ። ጽሑፉ ከምዕራብ እስያ ወደ አፍሪካ የተደረገ የመልስ ፍልሰት አሻራው እስከ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ድረስ ይታያል ይል ነበር። ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና ሲያሰሉት ግን ውጤቱ ሊደገም አልቻለም። ምክንያቱም መረጃው ከአንዱ የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲተላለፍ አንድ የማቀናበሪያ ደረጃ ተዘልሎ፣ የአፅሙ ዲ.ኤን.ኤ ለማነጻጸሪያ ከሚያገለግለው መደበኛ የሰው ጄኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ቦታዎች ከስሌቱ ወጥተው ነበር። በዚህ የተነሣ የሞታው ሰው ከእውነቱ በላይ የተለየ፣ ሌሎቹ አፍሪካውያን ደግሞ ከእውነቱ በላይ ወደ እስያና አውሮፓ ሕዝቦች የቀረቡ መስለው ታዩ። አዘጋጆቹ ስህተቱን ተቀብለው እ.ኤ.አ. በ2016 እርማት አወጡ። ፍልሰቱ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መድረሱ ጸንቶ ሲቀር፣ መላውን አህጉር አዳረሰ የሚለው ክፍል ተነሣ። መረጃቸውን ለሌሎች ክፍት ማድረጋቸውና ፈጥነው ማረማቸው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የ2015ቱን ዜና ብቻ ያነበበ ሰው የተነሣውን ክፍል ዛሬም እንደ እውነት ሊጠቅሰው ይችላል።

ወደ ዘመናችን ስንመጣ፣ በአንድ ጊዜ የሚገኙ ሰዎችን ቁጥር ከጉዞ ብዛት ጋር ማደባለቅ ያጋጥማል። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. ለ2020 የገመተው 281 ሚሊዮን የዓለም ፍልሰተኛ ቁጥር፣ ከ40 ዓመት በፊት አገሩን ለቅቆ ዛሬም በውጭ የሚኖረውን ሁሉ ይጨምራል። ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት እንደ ጅቡቲ ኦቦክ ባሉ መተላለፊያዎች የሚመዘግበው ግን በዚያ ነጥብ ያለፈውን እንቅስቃሴ ነው። ከሳዑዲ ዓረቢያ ተባርሮ የተመለሰ ወጣት እንደገና ቢነሣ እንደገና ይመዘገባል፤ በሁለት ጣቢያ ቢያልፍም ሁለት ጊዜ ሊቆጠር ይችላል። የየጣቢያውን አኃዝ ደምሮ «ይህን ያህል ሰው ተሰደደ» ማለት ስለዚህ ትክክል አይሆንም።

ከዚሁ ጋር የሚቀራረበው ስህተት ቆጠራ ያላየው ፍልሰት የለም ብሎ ማሰብ ነው፤ ይህ በቀጥታ የሰው ሕይወት ስለሚነካ ሰፋ አድርጌ ላስረዳው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው በግንቦት መጨረሻ ነው። ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ግን በብዛት የሚንቀሳቀሰው ክረምት ለአረም፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደግሞ ለሰሊጥ አጨዳ ነው። ቆጣሪው ቤቱ ሲመጣ ይህ ገበሬ ለእርሻው ዝግጅት ከቀየው ስላለ፣ ከተወለደበት ያልወጣ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። በሌላ በኩል በቆላው ሳሉግ የሚባሉት፣ ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወሩ ዓመታትን የሚያሳልፉ ሠራተኞች፣ ቋሚ ቤት ስለሌላቸው ከሁለቱም ወገን መዝገብ ሊጎድሉ ይችላሉ።

በመዝገብ ያልታየው ጉዞ በሐኪም ቤት ይታያል። በሁመራና በመተማ ጥገኛ ተሕዋስ የሚያመጣውንና ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በመረሬ አፈር ስንጥቅና በግራር ዛፎች አካባቢ ስለምትገኝ፣ ሌሊት ሜዳ ላይ የሚያድረው ሠራተኛ በቀላሉ ይጋለጣል። በደጋማዎቹ ሊቦ ከምከምና ፎገራ እ.ኤ.አ. በ2005 የካላዛር ወረርሽኝ ሲታወቅ፣ መጀመሪያ ላይ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር። ተመራማሪዎቹ በሽታው ወደ አካባቢው የገባው ለወቅት ሥራ ወደ ቆላ ወርደው በተመለሱ ሰዎች ሳይሆን እንዳልቀረ ገምተዋል። የፍልሰት ሥዕሉን ከቆጠራ ብቻ የሠራ የጤና ዕቅድ በደጋ ላይ ካላዛርን አይጠብቅም፤ የማይጠበቅ በሽታ ደግሞ ዘግይቶ ይታወቃል።

ድርቅ ሲመጣ ሰው ይፈልሳል የሚለው አንድ ምክንያትና አንድ ውጤት ያለው አገላለጽም መፈተሽ አለበት። ክላርክ ግሬይና ቫለሪ ሙለር እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት፣ በኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦችን ለዓመታት በተከታተለ መረጃ ላይ በተመሠረተ ጥናት፣ ድርቅ የወንዶችን ለሥራ መውጣት ሲጨምር ሴቶች በጋብቻ ምክንያት የሚያደርጉትን መዛወር ቀንሷል። ሠርግ ወጪ ይጠይቃልና በክፉ ዓመት ይተላለፋል። ፍልሰትን ወንድ ለሥራ ከመውጣቱ ጋር ብቻ ያያያዘ ጥናት ይህን ግማሽ አያየውም ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰዱት 600,000 ያህል ሰዎችም ድርቅ ያፈለሳቸው ተደርገው ሊቆጠሩ አይገባም፤ ማን ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ የወሰነው የመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም ነው፤ ብዙዎቹም የሄዱት ተገደው ነው።

የተመልካቹን ቦታ መዘንጋት የመጨረሻው ነው። ዴንማርካዊው መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን እ.ኤ.አ. በ1899 በወፎች እግር ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት ማሰር ከጀመሩ ወዲህ፣ በካርታ ላይ የሚሰፈረው ነጥብ ወፏ ያለፈችበት ሁሉ ሳይሆን ቀለበቷን አግኝቶ ያሳወቀ ሰው ያለበት ቦታ ነበር። ሰው በሌለበት በረሃ ባዶ የሆነው ካርታ ወፍ የማያልፍበት መንገድ ማለት አልነበረም። የሞባይል ስልክ መረጃም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሣል። በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2008 እስከ 2009 ወደ 15 ሚሊዮን በሚጠጉ ስልኮች እንቅስቃሴ ወባ ከየት ወደ የት እንደሚጓዝ የተጠናበት ሥራ ትልቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ባልና ሚስት በአንድ ስልክ በሚጠቀሙበት ቤት፣ ስልኩ ከባል ጋር ወደ ከተማ ሲወጣ ሚስት ልጇን አዝላ ወደ ወላጆቿ ቀበሌ ያደረገችው ጉዞ በመረጃው ውስጥ የለም። እንዲህ ያለ ጥናት ሲጠቀስ ስልክ ያለው ማን እንደሆነ በቤት ለቤት ጥያቄ ተጣርቶ እንደሆነ አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል።