የተቃጠለ የመኪና ፊውዝ እንዴት በራሳችን እንፈትሽ፣ እንዴትስ በጥንቃቄ እንቀይር

መኪናችሁ ድንገት ክላክስ እምቢ ካለ፣ ወይ ሬዲዮውና የጣሪያ መብራቱ አብረው ከጠፉ፣ ወይ የዝናብ መጥረጊያው ሐምሌ ዝናብ መሀል ቀጥ ካለ፣ ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ግቢያችሁ ውስጥ ሆናችሁ የምታዩት ነገር አለ፣ እሱም ፊውዙ ነው። ከባድ ስራ አይደለም፣ መካኒክ መሆንም አይጠይቅም። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር ስላለ እሱን አስቀድሜ ልናገር፦ ፊውዝ በዋናነት የሚጠብቀው ሬዲዮውን ወይ አምፖሉን አይደለም፣ ሽቦውን ነው።

ከባትሪው የሚወጣው ሽቦ በዳሽቦርድ ውስጥ፣ በምንጣፍ ስር፣ በበር ማጠፊያ አልፎ ነው መብራቱ ጋ የሚደርሰው። የሆነ ቦታ ተልጦ የመኪናውን ብረት ከነካ (ሾርት ካደረገ) ባትሪው 12 ቮልት ብቻ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ሞተር የሚያስነሳ ጉልበት ያለው ነገር ስለሆነ በዛ ቀጭን ሽቦ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር አምፒር (አምፒር የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ነው) ሊለቅበት ይችላል፣ ሽቦው ይግላል፣ ልባሱ ፕላስቲክ ይቀልጣል፣ ከዛ አጠገቡ ያለው ምንጣፍና ስፖንጅ ይያያዛል። ፊውዝ ማለት እንግዲህ መስመሩ ላይ ሆን ተብሎ የተቀመጠ ደካማ ቦታ ነው፣ ሽቦው ከመጋሉ በፊት እሱ ይበጠሳል። ፋብሪካው ፊውዙ ላይ 10 አምፒር ብሎ የጻፈው ያ ሽቦ የሚችለውን አይቶ ነው። 10 የነበረበት ቦታ 30 ስትሰኩ ሽቦውን ራሱን ፊውዝ አደረጋችሁት ማለት ነው፣ እሱ ደግሞ የሚቃጠለው ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው። በሲጋራ ወረቀት ብር የተጠቀለለ ወይ በሽቦ ክር የታሰረ ፊውዝ ስታዩም ያው ነው፣ እንደውም የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ስንት አምፒር ላይ እንደሚበጠስ ማንም አያውቅም። ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊውዝ ቦክሱን ከፍቶ እንዲህ አይነት ነገር እንዳለ ቢያይ ደስ ይለኛል።

ከመንካታችሁ በፊት

መኪናውን ደልደል ያለ ቦታ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ቁልፉን አውጡ። መብራት፣ ሬዲዮ፣ ኤሲ ሁሉንም ኦፍ አድርጉ፣ የስልክ ቻርጀሩንም ከሶኬቱ ንቀሉት። መንገድ ላይ ከሆናችሁ ከአስፋልቱ ወጣ በሉና ሶስት ማዕዘኑን ከኋላ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ቀለበት፣ ሰዓትና አምባር አውልቁ፣ በተለይ ኮፈን ከፍታችሁ ባትሪ አጠገብ የምትሰሩ ከሆነ፣ ምክንያቱም ቀለበት ፖዘቲቩንና የመኪናውን ብረት አንዴ ካገናኘ ጣት ያቃጥላል። ሞተሩ ትኩስ ከሆነ ቆዩ፣ የራዲያተሩ ፋን ሞተር ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ስለሚችል እጃችሁን ከሱ አርቁ።

ለትናንሾቹ ፊውዞች ባትሪ መፍታት አያስፈልግም፣ ሁሉ ነገር ጠፍቶ ቁልፉ ከወጣ በቂ ነው። ግን የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ወይ ጭስ ካያችሁ ፊውዝ ፍለጋ አትግቡ፣ ሰው ሁሉ ይውረድ፣ ነበልባል ከሌለ ብቻ የባትሪውን ኔጋቲቭ በ10 ቁልፍ ፍቱ (ሁሌም መጀመሪያ ኔጋቲቩ ነው የሚፈታው፣ ሲታሰር ደግሞ መጨረሻ)፣ ነበልባል ካለ ራቁና የእሳት አደጋ ጥሩ፣ ኮፈኑን ብድግ አታድርጉት አየር ሲያገኝ ይብስበታል።

ፊውዝ ቦክሱ የት ነው

አብዛኛው መኪና ሁለት አለው። አንዱ ኮፈን ስር ባትሪው አጠገብ ያለ ጥቁር ሳጥን ነው፣ ትልልቆቹ ፊውዞችና ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች) ብዙ ጊዜ እዛ ናቸው። ሌላው ውስጥ ነው፣ ከመሪው በታች በግራ በኩል ወይ ሊብሬ ከምናስቀምጥበት መሳቢያ ጀርባ። እኛ ሀገር ደግሞ መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረ የጃፓን መኪኖች ስላሉ፣ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሹፌሩ እግር ጋ ነው ያለው ቦክስ ተሳፋሪው እግር ጋ ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ፣ ግራ አትጋቡ።

ክዳኑን ገልብጡት፣ ከውስጥ ስዕል አለው። ጽሁፉ በጃፓንኛ ወይ በቻይንኛ ከሆነ በስልክ ፎቶ አንሱና በትርጉም አፕ እዩት፣ ከመንካታችሁ በፊት የፊውዞቹንም ፎቶ አንሱ፣ ምን የት እንደነበር ሲጠፋባችሁ ያ ፎቶ ነው የሚያወጣችሁ። ቶዮታ ላይ ለምሳሌ ቴይል የሚለው የኋላ ትንሿን መብራት ብቻ አይደለም፣ የታርጋ መብራትና የዳሽቦርድ መብራትም ብዙ ጊዜ ከሱ ጋር ነው፣ ስለዚህ ማታ ዳሽቦርዱ ከጨለመባችሁ ወርዳችሁ የኋላ መብራታችሁን እዩ፣ ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ላያያችሁ ይችላል። ስቶፕ የሚለው የፍሬን መብራት ነው፣ ብዙ አውቶማቲክ መኪና ላይ እሱ ሲቃጠል ማርሹ ከፒ (ከፓርኪንግ) አልወጣም ይላል፣ ሰው ግን ካምቢዮ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። የፍሬን መብራት ሳይሰራ ደግሞ መንዳት የለም፣ እሱ ላይ ድርድር የለኝም።

ቀለምና ቁጥር

የተለመዱት ባለ ሁለት እግር ፊውዞች ቀለማቸው አምፒራቸውን ይናገራል፦ 5 ፈዛዛ ቡኒ፣ 7.5 ቡኒ፣ 10 ቀይ፣ 15 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ፣ 25 ነጭ ወይ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ 30 አረንጓዴ። ግን ቀለም ብቻ አትመኑ፣ ትልልቆቹ ላይ ቀይ 50 ነው፣ ስለዚህ አናቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፣ ከክዳኑ ስዕል ጋርም አመሳክሩ። ተሰክቶ ያገኛችሁት ቁጥር ሁሌ ትክክለኛው ነው ማለት አይደለም፣ ከናንተ በፊት የሆነ ሰው ትልቅ ሰክቶበት ሊሆን ይችላል። መጠናቸውም ይለያያል፣ የቆየው ሰፊው ወርዱ 19 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፣ ሚኒ የሚባለው 11 ገደማ፣ ከሱም ያነሱ አሉ። የድሮ ላዳና ቮልስ ያላችሁ ደግሞ የናንተ እንደ ጥይት ሾል ያለው ነው፣ ነጩ 8 ቀዩ 16፣ እሱ ሳይቃጠልም ጫፉ ዝጎ መስመር ይቆርጣልና አውጥታችሁ መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርጉት።

መፈተሽ

ክዳኑ ውስጥ ወይ ቦክሱ ጥግ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ መንቀያ አለች፣ በሷ ፊውዙን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ። ከሌለች አፉ ቀጭን የሆነ ፒንሳ ይሰራል፣ ግን በዝግታ፣ ካቻቪቴ አስገብቶ መፈንቀል ግን አይሆንም፣ ጎረቤቱን ይነካል ቦክሱንም ይሰብራል። አንድ በአንድ ንቀሉ፣ አይታችሁ ወዲያው መልሱ። ብርሃን ላይ ያዙት፣ መሀል ያለው ቀጭን ብረት ከተበጠሰ ወይ ውስጡ ከጠቆረ ተቃጥሏል። ችግሩ ስንጥቁ ፀጉር የሚያህል ሲሆን በአይን አይታይም፣ ስለዚህ ጥሩ መስሏችሁ መሳሪያው ካልሰራ በቴስተር (መልቲሜትር፣ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ላይ አድርጋችሁ) አረጋግጡ፣ የተነቀለውን ፊውዝ ሁለት እግሮች ነክታችሁ ቲት ካለ ደህና ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ባለ ሽቦ የሙከራ አምፖል ነው፣ ምክንያቱም ፊውዝ ሳትነቅሉ ሁሉንም በደቂቃ ትጨርሳላችሁ። መያዣውን ንጹህ ያልተቀባ ብረት ላይ (ማሳ) ያዙ፣ ቁልፉን ኦን ላይ አድርጉ ሞተር ሳታስነሱ፣ ከዛ በሹል ጫፉ ፊውዙ አናት ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች በተራ ንኩ። ሁለቱም ላይ ከበራ ፊውዙ ጤነኛ ነው። አንዱ ላይ በርቶ ሌላው ላይ ካልበራ ተቃጥሏል። ሁለቱም ላይ ካልበራ ችግሩ ፊውዙ ሳይሆን እሱ ጋ ኤሌክትሪክ አልደረሰም፣ ወይ ያ መስመር የሚሰራው መብራቱ ሲከፈት ነው ወይ ከኋላው ያለ ሪሌ ወይ ትልቅ ፊውዝ ነው ችግሩ። ይሄን ልዩነት ስታውቁ ነው ዝም ብሎ ፊውዝ ከመቀያየር የምትድኑት። የኤርባግ መስመር ላይ ግን ይሄን አትሞክሩ።

መቀየር

ያው አምፒር፣ ያው መጠን። መሳሪያው ኦፍ እንደሆነ ቀጥ አድርጋችሁ በአውራ ጣት እስከ መጨረሻው ግፉት፣ ላላ ብሎ የገባ ፊውዝ ሳይበጠስ እየጋለ መያዣውን ያቀልጠዋል። የድሮው እግር ከጠቆረ ወይ ፕላስቲኩ ከተቅለጠለጠ ችግሩ መያዣው ስለሆነ ፊውዝ ብትቀይሩም ይመለሳል። ከዛ ቁልፉን ከፍታችሁ ሞክሩት። ስትገዙ ሶማሌ ተራም ይሁን ሌላ መለዋወጫ ቤት በፓኬት የሚሸጠው በጣም ርካሽ ነገር አያጓጓችሁ፣ አንዳንዱ ፌክ በተጻፈበት አምፒር አይበጠስም፣ ከተበተነ መኪና የወጣ ኦሪጅናል ይሻላል።

አሁንም ከተቃጠለ

አንዴ ቀይራችሁ ወራት ከቆየ ምንም አይደለም፣ ያረጀ ፊውዝ ይኖራል። እንደሰካችሁት ቦግ ብሎ ከሄደ ግን አቁሙ፣ ሁለተኛ ሶስተኛ አትሞክሩ፣ ችግር አለብኝ እያላችሁ ያለ ሽቦ አለ። እዚህ ጋ ፍጥነቱን አስተውሉ፣ 10 አምፒር ፊውዝ እጥፉ 20 ሲያልፍበት ቢበዛ በ5 ሰከንድ መበጠስ አለበት፣ 13 ተኩል አካባቢ ሲያልፍበት ግን እስከ 10 ደቂቃ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ወዲያው ከሄደ ሾርት ነው፣ ትንሽ ሰርቶ ከሄደ ብዙውን ጊዜ ጭነት በዝቶበታል።

ጭነቱን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፣ ዋቱን ለ12 ማካፈል ነው። የሲጋራ መለኮሻ ሶኬት ፊውዙ 15 ከሆነ 180 ዋት ነው የሚችለው፣ ጎማ መንፊያና ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር) ባንድ ማብዣ ስትሰኩበት ያልፋል። 55 ዋት የነበረውን የፊት አምፖል 100 ዋት አድርጎ የቀየረ ሰው ሁለቱ አምፖሎች ባንድ 15 ፊውዝ ላይ ከሆኑ 9 አካባቢ የነበረው ከ16 በላይ ይሆንበታል፣ መፍትሄው ወደ ድሮው አምፖል መመለስ ነው እንጂ ፊውዝ ማሳደግ አይደለም።

ሾርት ከሆነ ደግሞ የተለመዱ ቦታዎች አሉ፦ የሲጋራ ሶኬቱ ውስጥ የወደቀ ሳንቲም፣ ውሃ የገባበት የኋላ መብራት፣ የኋላ በር ማጠፊያ ላይ ሲከፈት ሲዘጋ የተላጠ ሽቦ (ቪትዝና መሰሎቹ ላይ እዩት)፣ አይጥ የቆረጠው፣ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይ ቴፕ። ላቫጆ ሞተር በፕሬዠር ካሳጠባችሁ በኋላ የመጣ ከሆነም ለሚሰራላችሁ ሰው ንገሩት።

የማይነኩ

በብሎን የታሰሩት ትልልቅ ዋና ፊውዞች ባትሪ ሳይፈታ አይነኩም፣ እነሱ ከተቃጠሉ ደግሞ ትልቅ ነገር ስለሆነ ለኤሌትሪሺያን ተዉት። ቢጫ ሶኬት ያላቸው የኤርባግ መስመሮችም እንደዛው፣ ባለሙያ እንኳን ባትሪ ፈትቶ ቶዮታ ላይ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቆ ነው የሚነካቸው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ብዙ ሰው አለ፣ የነሱም መብራት፣ ክላክስ፣ ሬዲዮ በ12 ቮልት ፊውዝ ነው የሚሰራው፣ የተለመዱትን ትናንሽ ፊውዞች ልክ ከላይ እንዳልኩት ትቀይራላችሁ፣ ብርቱካናማ ሽቦ ያለበት ነገር ግን በመቶዎች ቮልት ነውና ክዳኑንም አትክፈቱ። ሃይብሪድም ያው ነው።

መንገድ ላይ መለዋወጫ ከሌላችሁ ከማያስፈልግ መስመር፣ ከሬዲዮ ወይ ከሲጋራ ሶኬት፣ ተመሳሳይ ቁጥር ተዋሱ፣ ከጠፋ ያነሰ ይቻላል፣ የበለጠ ግን አይቻልም። ጋራዥ ስትደርሱ የተቃጠለውን ፊውዝ ሳትጥሉ ስጧቸው፣ የትኛው ቦታ እንደነበረ፣ ምን ስታበሩ እንደሄደና ወዲያው ነው ወይስ ቆይቶ የሄደው የሚለውን ንገሯቸው፣ ኤሌትሪሺያኑ ፍለጋውን ከዛ ይጀምራል።