ክፍት ሜሞሪ እያለ የሜሞሪ እጥረት፦ በኢኤስፒ8266 ላይ ያገኘሁት መፍትሔ

ዋይፋይ ላለው አነስተኛ ቺፕ ለኢኤስፒ8266፣ በማይክሮፓይተን (ለትንንሽ ቦርዶች በተዘጋጀው የፓይተን ቋንቋ) የጻፍኩት የሙቀት መመዝገቢያ ፕሮግራም ለሰዓታት በደንብ ከሠራ በኋላ፣ 1024 ባይት ማግኘት እንዳልተቻለ የሚገልጽ የሜሞሪ ስህተት አውጥቶ ይቆም ነበር፤ ይሁንና ክፍት ሜሞሪን የሚለካው ትእዛዝ ጂሲ.ሜም_ፍሪ ከተጠየቀው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ክፍት ቦታ መኖሩን ያሳይ ነበር።

ምክንያቱ የተገለጠው ማይክሮፓይተን.ሜም_ኢንፎ(1) የሚያትመውን የሜሞሪ ካርታ ስመረምር ነው። በካርታው ላይ እያንዳንዷ ነጥብ 16 ባይት ክፍት ቦታን የምታመለክት ሲሆን፣ ነጥቦቹ የተያዙትን ቦታዎች በሚያመለክቱ ፊደላት መካከል ተበታትነው ስለነበር 64 ነጥቦች (ማለትም 1024 ባይት) ተከታትለው የሚገኙበት ስፍራ አልነበረም። የማይክሮፓይተን ሜሞሪ አጽጂ አገልግሎቱ ያበቃውን ያስለቅቃል እንጂ የቀረውን አያጠጋጋም፤ ስለዚህ አጽጂውን የሚያስነሳውን ትእዛዝ ጂሲ.ኮሌክትን ደጋግሞ መጥራት ብቻውን አይበቃም።

መፍትሔው፣ በየዙሩ አዲስ ባይትአሬይ (የባይቶች ድርድር) መፍጠርን ትቶ፣ ፕሮግራሙ ገና ሲነሳና ሜሞሪው ሳይቆራረጥ የ1024 ባይት ቋት (ጊዜያዊ ማከማቻ) አንድ ጊዜ መያዝ፣ ከዚያም ፕሮግራሙ ከሚገናኘው ሰርቨር የሚመጣውን መልስ ሁልጊዜ ሪድኢንቱ በተባለው ትእዛዝ ወደዚያው ቋት ማንበብ ሆነ። ትልልቆቹን ሞጁሎች (የፕሮግራሙን ክፍሎች) ደግሞ ኤምፒዋይ-ክሮስ በተባለው የማይክሮፓይተን ኮምፓይለር፣ በኮምፒውተሬ ላይ አስቀድሜ ኮምፓይል አደረግኋቸው፤ ይህም ቦርዱን ከኮምፓይል ሥራ ያሳርፈዋል፤ የኤምፒዋይ-ክሮሱ ስሪት ግን በቦርዱ ላይ ከተጫነው የማይክሮፓይተን ሶፍትዌር (ፈርምዌር) ጋር መጣጣም አለበት፤ አለበለዚያ ፋይሉ አይጫንም።