የቶከላውን መንግሥት በመማሪያ ክፍል ውስጥ በጨዋታ ማቋቋም

የሰሜን ሸዋ ተማሪ መንግሥትን ሣል ሲባል ከላይ ይጀምራል፦ ፌዴራል፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ፣ ቀበሌ። ለቶከላው ይህ ሥዕል ይገለበጣል። ቶከላው ማለት በፓሲፊክ ውቅያኖስ ያሉት አታፉ፣ ኑኩኖኑና ፋካኦፎ የሚባሉት ሦስት ደሴቶች ናቸው፤ የኒው ዚላንድ ግዛት ናቸው፤ ሕዝባቸው ተደምሮ 1,500 ገደማ ነው። ሥልጣኑ ግን የሚነሣው ከየደሴቱ የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ከታውፑሌጋ ነው። የኒው ዚላንዱ አስተዳዳሪ ሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2004 በውክልና የተላለፈው ለሦስቱ ሸንጎዎች ነው፤ የጋራውን ጉዳይ ጄኔራል ፎኖ ለሚባለው ምክር ቤት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ከታች ወደ ላይ ሣሉ።

48 ተማሪ ላለው የዜግነት ትምህርት ክፍል ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል። ዴስኮቹን 16 ተማሪ እየያዙ ሦስት ቦታ አራርቋቸው። ባዶው ወለል ባሕር ነው። ጣርማ በር ላይ ቆሞ ደመናን ቁልቁል ማየት ለለመደ ልጅ፣ ከባሕር 5 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ አገር ቶሎ አይታየውምና ዙሪያውን በጠመኔ አስምሩ። መሻገር የሚቻለው “መርከብ” ሲመጣ ብቻ ይሁን፤ ደሴቶቹ አውሮፕላን ማረፊያ የላቸውም።

እያንዳንዱ ቡድን አምስት ሽማግሌ ይሰይም። የእውነተኛው ሸንጎ አባልነት ከደሴት ደሴት ስለሚለያይ እዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ቀጥሎ በምስጢር ድምፅ ሁለት ሰው ይመረጥ፦ የደሴቱ ተጠሪ ፋይፑሌ፣ የመንደሩ ከንቲባ ፑሌኑኩ። እዚያ ምርጫው በየሦስት ዓመቱ ነው። ከሦስቱ ደሴቶች የመጡት ስድስቱ ካቢኔ ይሆናሉ።

ጨዋታው የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፤ ልጆቹ ፕሬዚዳንት እንምረጥ ይላሉ። አይመረጥም። የመንግሥት መሪው፣ ኡሉ፣ ከሦስቱ ፋይፑሌዎች አንዱ ነው፤ በየዓመቱ ይቀባበሉታል። ቋሚ ዋና ከተማም የለም፣ መቀመጫው አብሮት ይዞራል። አሥር ደቂቃን እንደ ዓመት ቆጥራችሁ የመሪነቱ ምልክት የሚሆን አንድ መዝገብ ከደሴት ደሴት አዙሩ። መዝገቡን አልለቅም የሚል አይጠፋም፤ ነገሩን የራሱ ሽማግሌዎች ይዩት እንጂ መምህሩ አይዳኝ።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ። ወረቀቱ ላይ “ነጻ አገር እንሁን?” ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። በእውነተኛው የቶከላው ሕዝበ ውሳኔ የተጠየቀው ከኒው ዚላንድ ጋር በነጻ ትስስር፣ ማለትም ሳይለያዩ በፈቃድ ተሳስሮ፣ ራስን ማስተዳደር ነበር። ለማለፍ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል፤ የሚሰላውም ድምፅ ከሰጠው ሰው ነው እንጂ ከስም ዝርዝሩ አይደለም። 48ቱም ከመረጡ 32፣ ሦስት ልጅ ከቀረ 30። ከ48ቱ 31 ድጋፍ ሲቆጠር ክፍሉ በጭብጨባ ይናወጣል፤ ግን ወድቋል። በቶከላውም እንዲሁ ሆኗል፦ እ.ኤ.አ. በ2006 60 በመቶ ደግፎ አልሞላም፤ በ2007 ደግሞ 446 ሰው ደግፎ 16 ድምፅ ጎደለ። 31 ላይ ከቆመባችሁ ካርታውን አትለውጡ፤ መዝገቡ ወደ ቀጣዩ ደሴት ይሂድ።