ሲደርቅ የሚደበዝዝ የዘይት ቀለም፦ የሠራልኝ መፍትሔ

ደሴ ሆኜ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የዣክ ሉዊ ዳቪድን «የሆራቲዎች መሐላ» (እ.ኤ.አ. 1784) በዘይት ቀለም እየቀዳሁ ነበር። ከሰዎቹ ጀርባ ያለው የቅስቶቹ ጨለማ እርጥብ ሳለ ጥልቅ ነው፤ ሲደርቅ ግን አመድ እንደተነሰነሰበት ግራጫ ሆነ። ያ ጨለማ ካልጠለቀ ደግሞ በሥዕሉ መሃል ልጆቹን የሚያስምለውን አባት ቀይ ካባ ድምቀት መመዘን አይቻልም።

ጥቁር ደረብሁበት፤ ያው ሆነ። ቀለሙን በተርፐንታይን ማቅጠን ይባስ አደበዘዘው።

ምክንያቱ ከሥር ያለው ነጭ መደብ (ከሥዕሉ በፊት ሸራው ላይ የሚቀባው) ነው፤ ዘይቱን ስለሚመጥጥ ቀለሙ ወዙን ያጣል። በቡናማዎቹ፣ በተለይ በአምበር (ከአፈር በሚሠራው ጥቁር ቡናማ)፣ ጎልቶ ይታያል።

የሠራው ይህ ነው። ቀለሙ ሲነካ እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠበቅሁ፤ በደሴ ብርድ ይህ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለሥዕል የተጣራ የተልባ ዘይትና ተርፐንታይን እኩል ቀላቅዬ፣ በደበዘዘው ቦታ ላይ ብቻ በጥጥ ጨርቅ እጅግ በስሱ አሸሁት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቼ ትርፉን በንጹሕ ጨርቅ ጠረግሁ። ጥልቀቱ ወዲያው ተመለሰ! ካባውን የቀባሁት ያኔውኑ ነው። ትርፉን መጥረግ እንዳይረሳ፤ የቀረ ዘይት ውሎ አድሮ ይወይባል።

ዘይት የነካውን ጨርቅ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ተጨብጦ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።